ሎርድ ኬልቪን፥ ሃምሳ ሦስት ዓመት ጀማሪዎችን ያስተማረ ሊቅ

የፊዚክስ መጽሐፉን የገለጠ ተማሪ ሁሉ ኬልቪን የሚለውን ቃል ያውቀዋል። የሙቀት መጠን የሚለካበት መለኪያ ስም ነው። በረዶ የሚቀልጠው በ273 ኬልቪን ግድም፥ ውሃም በባሕር ወለል ላይ የሚፈላው በ373 ኬልቪን ግድም መሆኑን (በእኛ ደጋ አገር ግን ከዚያ ዝቅ ብሎ ይፈላል) በቃላችን ይዘን በፈተና ወረቀት ላይ ጽፈናል። ይሁን እንጂ ቃሉ ከወዴት እንደ መጣ ብንጠየቅ ከመካከላችን መልስ የሚሰጠው ጥቂት ነው። እኔም ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት እስክነሣ ድረስ የአንድ ሊቅ ስም መሆኑን ብቻ ነበር የማውቀው። ለካስ ከሰውየው በፊት የወንዝ ስም ኖሯል። ኬልቪን በስኮትላንድ አገር፥ በግላስጎው ከተማ፥ ዩኒቨርሲቲው ከተሠራበት ኮረብታ ግርጌ የሚፈስ አነስተኛ ወንዝ ነው። ዊልያም ቶምሰን የሚባለው የዚያ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር በ1892 ዓ.ም. የሎርድነት ማዕርግ ሲሰጠው፥ መጠሪያ ይሆነው ዘንድ የመረጠው ከሚያስተምርበት ቤት አጠገብ የሚፈሰውን የዚህን ወንዝ ስም ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።)

ስለ ሎርድ ኬልቪን የሚጽፉ ብዙዎች የሚያወሱት የፈለሰፋቸውን መሣሪያዎችና ያገኛቸውን የተፈጥሮ ሕጎች ነው። እኔ ግን የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በሚታተመው በዚህ መጽሔት ላይ ላነሣው የወደድሁት መምህርነቱን ነው። ነገሩም ቀላል ሆኖ አላገኘሁትም። ይህ ሰው ከ1846 እስከ 1899 ዓ.ም. ድረስ ፊዚክስን ለጀማሪ ተማሪዎች ሲያስተምር ኖረ፤ ከተማሪዎቹም ብዙዎቹ የሚናገረው አይገባቸውም ነበር። ታዲያ እንዴት ታላቅ መምህር ሊባል ቻለ? የሕይወት ታሪኩን ማንበብ የጀመርሁት ይህን ጥያቄ ይዤ ነው።

ዊልያም ቶምሰን የተወለደው ጁን 26 ቀን 1824 ዓ.ም. በአየርላንድ አገር በቤልፋስት ከተማ ነው። አባቱ ጄምስ ቶምሰን የገበሬ ልጅ ሲሆን፥ ከእርሻው ሳይለይ በገዛ ትጋቱ ሒሳብን ተምሮ፥ ካደገ በኋላ በብርዱ ወራት ግላስጎው ሄዶ እየተማረ፥ በበጋው ወደ አገሩ ተመልሶ እያስተማረ፥ በመጨረሻ የሒሳብ አስተማሪና የሒሳብ መጻሕፍት ደራሲ ለመሆን የበቃ ሰው ነው። ዊልያም ስድስት ዓመት ሲሆነው እናቱ ስለ ሞተች፥ ልጆቹን ያሳደጋቸውም ያስተማራቸውም አባትየው ነበር። በ1832 ዓ.ም. አባቱ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆኖ ስለ ተሾመ ቤተ ሰቡ በሙሉ ወደዚያ ተሻገረ። ዊልያምና ታላቅ ወንድሙ ጄምስ ገና ሕፃናት ሳሉ አባታቸው በሚያስተምርበት አዳራሽ ገብተው ከትልልቆቹ ተማሪዎች ጋር ያዳምጡ ነበር። በ1834 ዓ.ም. ዊልያም በዩኒቨርሲቲው መዝገብ ላይ በተማሪነት ተጻፈ። ያን ጊዜ ዕድሜው ዐሥር ዓመት ነበር። በዚያ ዘመን የስኮትላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ልጆችን ይቀበሉ እንደ ነበር መዘንጋት የለብንም፤ ቢሆንም ዐሥር ዓመት ለዚያም አገር ልማድ ቢሆን ያነሰ ነው።

ዐሥራ አምስት ዓመት ሞልቶት ወደ ዐሥራ ስድስት ሲቃረብ፥ የፈረንሳዩ ሊቅ ፉርዬ ሙቀት በአካላት ውስጥ እንዴት እንደሚተላለፍ የጻፈውን መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ተውሶ በዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ አንብቦ ጨረሰው። መጽሐፉ በዘመኑ ከነበሩት የሒሳብ መጻሕፍት ሁሉ ከከባዶቹ አንዱ ነው። አንባቢ ይህን መጽሐፍ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ በታች እንገናኘዋለን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልለፈው። በ1841 ዓ.ም. ወደ ካምብሪጅ ሄዶ አራት ዓመት ተማረ፤ በጀልባ ቀዘፋ ውድድር ተሸለመ፤ በመጨረሻው ታላቅ የሒሳብ ፈተና አንደኛ ይወጣል ተብሎ ሲጠበቅ ሁለተኛ ወጣ። በ1845 ዓ.ም. ወደ ፓሪስ ተሻግሮ ሬኞ በሚባለው ሊቅ ላቦራቶሪ ውስጥ ለጥቂት ወራት ሠራ። ሬኞ የእንፋሎትንና የጋዝን ጠባይ እጅግ በረቀቀ ጥንቃቄ የሚለካ ሰው ነበረና፥ ወጣቱ ቶምሰን እስከዚያ ድረስ በወረቀት ላይ ብቻ ያውቀው የነበረውን ተፈጥሮ በእጁ መዳሰስንና መለካትን የተማረው ከዚያ ነው።

በግላስጎው የተፈጥሮ ፍልስፍና ፕሮፌሰር የነበሩት ሽማግሌ በሞቱ ጊዜ (በዚያ አገር ፊዚክስን የተፈጥሮ ፍልስፍና ይሉት ነበር) አባቱ ልጁ በስፍራው እንዲተካ አስቀድሞ ብዙ ደክሞ ነበር። በሴፕቴምበር 1846 ዓ.ም. ዊልያም በመራጮቹ ሙሉ ድምፅ ተመረጠ። ዕድሜው ሃያ ሁለት ዓመት ነበር። የመጀመሪያውን ትምህርት ኖቬምበር ላይ ሲያቀርብ፥ የሚናገረውን ሁሉ በጥንቃቄ ጽፎ ወደ አዳራሹ ገባ፤ ነገር ግን ጽሑፉን እጅግ አፍጥኖ አነበበውና ትምህርቱ ከታሰበለት ጊዜ በፊት አለቀ። ኋላም ለወዳጁ ለሒሳብ ሊቁ ለስቶክስ በላከው ደብዳቤ ላይ ነገሩ እንዳልተሳካለት ሳይሸሽግ ገለጠ። የክፍል ንግግር ለማቅረብ ከሰሌዳው ፊት ቆሞ የሚያውቅ ተማሪ ሁሉ፥ ወረቀቱ አልቆ ደወሉ ሳይደወል ሲቀር የሚሰማውን ጭንቀት ሊረዳለት ይችላል።

የሚያስተምራቸው እነማን ነበሩ? ክፍሉ ፊዚክስ ለሚወዱ ብቻ የተዘጋጀ አልነበረም። የማስተርነት ማዕርግ የሚፈልግ ሁሉ ሊማረው የሚገባ ትምህርት ስለ ነበር፥ በየዓመቱ ለቅስና የሚዘጋጁ፥ አስተማሪ ለመሆን የሚሹ፥ የሐኪምነት ምኞት ያላቸው ወጣቶች ተሰብስበው ይቀመጡ ነበር። ብዙዎቹ ካልኩለስ አልተማሩም። አንዳንዶቹም ዕድሜያቸው እንደ እኛው ነበር። የትምህርቱ ዘመን ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ሲሆን፥ ትምህርቱ በማለዳ ይጀመራል፤ ፕሮፌሰሩም አስቀድሞ አጭር ጸሎት ያደርሳል። ማስተማሪያ ይሆኑ ዘንድ የተረከባቸው ዕቃዎች አብዛኞቹ ከሃምሳ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ፥ እንጨታቸውን ነቀዝ የበላው ነበሩ። ወጣቱ ፕሮፌሰር መጀመሪያ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ ለአዲስ ዕቃ መግዣ ገንዘብ እንዲሰጠው ዩኒቨርሲቲውን መወትወት ነው።

ዕቃዎቹ ከተሟሉለት በኋላ ክፍሉ እጅግ አስደሳች ሆነ። በየዓመቱ አንድ ቀን ጠመንጃ ይዞ ይገባል። ከፊት ለፊት በገመድ የተንጠለጠለ ከባድ የእንጨት ግንድ አለ። ፕሮፌሰሩ አነጣጥሮ ይተኩሳል፤ ጥይቱ በግንዱ ውስጥ ይቀራል፤ ግንዱም ወደ ኋላ ይወዛወዛል። የጥይቱ ክብደትና የግንዱ ክብደት ከታወቀ፥ ግንዱም ምን ያህል ርቀት እንደ ተወዛወዘ ከተለካ፥ ዓይን ሊያየው የማይችለው የጥይቱ ፍጥነት በሰሌዳው ላይ በሒሳብ ይገኛል። ያን ቀን ከክፍሉ የሚቀር ተማሪ አልነበረም ይባላል፤ አያስደንቅም።

ሌላ ቀን ደግሞ ሁለት እንቁላል ያመጣል፤ አንዱ ጥሬ፥ ሌላው የተቀቀለ ነው። ሁለቱንም በቀጭን ሽቦ አንጠልጥሎ ያዞራቸዋል። የተቀቀለው ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ለብዙ ጊዜ ሲዞር፥ ጥሬው ግን ፈጥኖ ይቆማል፤ ውስጡ ፈሳሽ ስለ ሆነ ከቅርፊቱ ጋር አብሮ አይዞርምና። ከዚህም ተነሥቶ ምድራችን ውስጧ ሁሉ ፈሳሽ ቢሆን ኖሮ አዟዟሯ ዛሬ የምናየውን አይመስልም ነበር ወደሚል ትምህርት ይሸጋገራል። ከእንቁላል ተነሥቶ ምድርን የሚያክል ነገር ላይ መድረስ የእርሱ ልማድ ነበር። አንድ ጊዜም በትልቅ ቀለበት ላይ ስስ ጎማ ወጥሮ ውሃ ያፈስበታል፤ ጎማው እየከበደው ወደ ታች እየተንዠረገገ ሊወድቅ የተቃረበ ግዙፍ የውሃ ጠብታ ይመስላል። ተማሪዎቹ መቼ ይፈነዳ ይሆን እያሉ በጉጉት ይጠባበቃሉ፤ በመጨረሻም ይፈነዳል።

ስለ ዝፍቱም ልናገር። ዝፍት ስል መንገድ ሲነጠፍ የምናየውን ሬንጅ የመሰለውን ጥቁር ነገር ማለቴ ነው። ሲቀዘቅዝ በመዶሻ ቢመቱት እንደ ብርጭቆ ይሰባበራል፤ ስለዚህ ደረቅ አካል ነው እንላለን። ቶምሰን ግን ከዝፍት ገበታ በታች ቡሽ፥ በላዩ ደግሞ የእርሳስ ጥይቶች አስቀምጦ ወራት ሙሉ ይተወዋል። ጊዜው ሲያልፍ ጥይቶቹ ወደ ታች ሰጥመው፥ ቡሾቹ ወደ ላይ ወጥተው ይገኛሉ። ደረቅ የተባለው ነገር ለካስ እንደ ውሃ እየፈሰሰ ነበር፤ እኛ ነን ትዕግሥት ያነሰን። በ1887 ዓ.ም. ደግሞ ከእንጨት ደረጃ መሳይ ቁልቁለት አሠርቶ ከላዩ ዝፍት አኖረበት፥ እንደ በረዶ ግግር ቀስ ብሎ ሲወርድ ይታይ ዘንድ።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው እንዲህ ያለ መምህር ለማን በተሰጠ ይል ይሆናል። ችግሩ የሚመጣው ጠመንጃው ከተተኮሰ በኋላ ነው። ቶምሰን አንዱን ነገር ሲያስረዳ በመካከሉ አዲስ አሳብ ከመጣለት የጀመረውን ትቶ አሳቡን ይከተላል። ከዚያ አሳብ ሌላ ይወለዳል፤ ሰሌዳው ጀማሪ በማያውቀው ስሌት ይሞላል፤ ሰዓቱም ያልቃል። ለዕለቱ የታሰበው ትምህርት ሳይነካ ይቀራል። ከፊት የተቀመጡት ጥቂት ብርቱዎች እንደ ነቢይ ሲመለከቱት፥ ከኋላ ያሉት ብዙዎቹ ብዕራቸውን አስቀምጠው ወሬ ይጀምራሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ያ በሒሳብ ዓለምን ያስደነቀ ሰው ተራ ብዜት ላይ ሲደርስ ግራ እየተጋባ፥ ዶናልድ ማክፋርሌን ወደሚባለው ታማኝ ረዳቱ ዞር ብሎ ውጤቱን ይጠይቅ ነበር ይባላል። የዕለት ተዕለቱን ትምህርት በሥርዓት አስረድተው፥ ተማሪዎቹን ለፈተና የሚያደርሷቸው ማክፋርሌንና ኋላም የእኅቱ ልጅ ቦተምሌ ነበሩ።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ሁሉ የሊቅነት ምልክት አድርገው ያመሰግኑታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ከሩቅ ገጠር መጥቶ፥ በአጃ ዱቄት እየኖረ ለአንድ ዓመት ትምህርት የከፈለ የድኻ ልጅ ከኋላ ተቀምጦ ምንም ሳይገባው ሲወጣ፥ ለእርሱ የመምህሩ ሊቅነት ምን ይጠቅመዋል? ማክፋርሌንን የሚያስታውሰው ግን የለም፤ በስሙም የተጠራ መለኪያ የለም።

ይሁን እንጂ ቶምሰን ለተማሪዎቹ የከፈተላቸው ሌላ በር ነበር፤ ጥያቄዬም መልስ ማግኘት የጀመረው እዚህ ላይ ነው። በ1850 ዓ.ም. ግድም ብረትና ሌሎች ማዕድናት በኤሌክትሪክና በሙቀት ምን እንደሚሆኑ ለማወቅ ብዙ መለካት አስፈለገው። ብቻውን የሚወጣው ሥራ ስላልሆነ ከተማሪዎቹ መካከል የሚረዳው ሰው ፈለገ። ጥቂቶች በፈቃዳቸው መጡ፤ ሌሎችም ይህን ሰምተው ተከተሉ። ቦታ ግን አልነበረም። አሮጌው ዩኒቨርሲቲ በከተማው መካከል ጭስ በሞላበት ጠባብ ሰፈር የሚገኝ ነበር። በመጨረሻ የአንድ ፕሮፌሰር መኖሪያ የነበረ ቤት የወይን ጠጅ ማስቀመጫ ምድር ቤት ተለቀቀለት። ጨለማ፥ የድንጋይ ከሰል አቧራ የማይለየው ክፍል ነበር። ተማሪዎች በብሪታንያ ምድር በፊዚክስ ላቦራቶሪ ገብተው በእጃቸው የሚሠሩበት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የተጀመረው በዚህ ምድር ቤት ነው።

ቦታው ሲጠብባቸው አንድ የተተወ የፈተና ክፍል ተጨመረላቸው። ይህ ክፍል ታሪክ አለው። በጥንቱ ልማድ ተማሪ የሚፈተነው በቃል ሲሆን፥ መቀመጫው ጥቁር ድንጋይ በሆነ ወንበር ላይ ይቀመጥና የአሸዋው ሰዓት ፈስሶ እስኪያልቅ ድረስ ለጥያቄ ይመልሳል። የያዘውን ሁሉ በቃሉ ይወጣ የነበረበት ያ ክፍል፥ መልሱ ገና በማይታወቅ ነገር ላይ የሚሠራበት ቦታ ሆነ።

የላቦራቶሪው ሥርዓት ዛሬ ከምናውቀው በጣም የተለየ ነው። ዊልያም ኤርተን የሚባለው ኋላ ታላቅ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ የሆነ ተማሪ ስለዚያ ዘመን ሲተርክ፥ ለተማሪ ተብሎ የተዘጋጀ መሣሪያ፥ በቅደም ተከተል የተሰለፈ ሙከራ፥ የተወሰነ ሰዓትም እንዳልነበረ ይመሰክራል። አንድ ተማሪ ሲገባ ፕሮፌሰሩ በዚያ ሰሞን ያስጨነቀውን ጥያቄ ከፍሎ ይሰጠዋል፤ ይህን ሽቦ ጠምዝዘህ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ቁጠር፥ ይህን ባትሪ ለካ ይለዋል። መልሱን ፕሮፌሰሩም አያውቀውም። ስለዚህ ተማሪው ስሕተት ቢሠራ ከመጽሐፍ ጋር አስተያይቶ የሚያርመው የለም፤ ደግሞ ከመለካት በቀር መንገድ የለም። እጅግ የሚገርመው ግን ከእነዚህ በፈቃዳቸው ከሚሠሩት ወጣቶች ብዙዎቹ በቀጥታ ወደ ቅስና ትምህርት የሚሄዱ መሆናቸው ነው። ቶምሰን ራሱ ይህን በኩራት ያወሳው ነበር። ፊዚክስን ዳግመኛ የማይነኩ ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ በሕይወታቸው ማንም የማያውቀውን ነገር በገዛ እጃቸው አግኝተዋል። በአዳራሹ ከኋላ ተቀምጦ ምንም ያልገባው ልጅም በምድር ቤቱ ውስጥ የሚሠራው አያጣም ነበር።

የምድር ቤቱ ሥራ ለምን እንደሚጠቅም ዓለም ያወቀው ከአየርላንድ እስከ ኒውፋውንድላንድ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ በታች የቴሌግራፍ ሽቦ ሲዘረጋ ነው። በረዥም የባሕር ሽቦ ውስጥ የሚላክ ምልክት እየተንቀራፈፈና እየተዘበራረቀ እንደሚደርስ ታውቆ ነበር። ቶምሰን ነገሩን ሲመረምር ኤሌክትሪኩ በሽቦው ውስጥ የሚሄድበት ሕግ፥ በልጅነቱ በዐሥራ አምስት ቀን ያነበበው የፉርዬ መጽሐፍ ሙቀት በብረት ዘንግ ውስጥ ይሄድበታል ያለው ሕግ ራሱ ሆኖ አገኘው። ሽቦው በእጥፍ ቢረዝም መዘግየቱ በአራት እጥፍ ያድጋል ማለት ነው። በ1857 ዓ.ም. ደግሞ ለሽቦው የሚገዛው መዳብ እንደ ጥራቱ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ችሎታው በእጅጉ እንደሚለያይ በላቦራቶሪው ተለክቶ ተገለጠ። እስከዚያ ድረስ መዳብ ሁሉ አንድ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር።

በ1858 ዓ.ም. ሽቦው ተዘርግቶ አህጉሮቹ ተገናኙ። የኩባንያው የኤሌክትሪክ ኃላፊ የነበረው ዋይትሃውስ ግን የቶምሰንን ምክር ንቆ፥ ብርቱ ኃይል ቢጨመርበት ይሻላል በማለት እስከ 2000 ቮልት የሚደርስ ኃይል ላከበት። የንግሥት ቪክቶሪያ 98 ቃላት ያሉት መልእክት ለማለፍ 16 ሰዓት ፈጀ፤ ሽቦውም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሞተ። የቶምሰን መንገድ ተቃራኒው ነበር። ደካማ ምልክት ልኮ እርሱን የሚያይ ረቂቅ መሣሪያ ማኖር ይሻላል አለ፤ ለዚህም አንዲት ትንሽ መስታወት ከጀርባዋ ማግኔት ተለጥፎባት በሐር ክር የምትንጠለጠልበትን ጋልቫኖሜትር ሠራ። መስታወቷና ማግኔቱ አንድ ላይ ከአንድ ግራም እጅግ ያነሱ ናቸው፤ ከመስታወቷ የሚንፀባረቀው የብርሃን ጠብታ በሚዛኑ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል መልእክቱ ይነበባል። በ1866 ዓ.ም. ሽቦው ለዘለቄታው ተሳካና ቶምሰን ሰር ተባለ። ከዚያ በኋላ ሀብታም ሆነ፤ የመርከብ ኮምፓስ አሻሻለ፤ የባሕር ጥልቀት መለኪያ ሠራ፤ ላላ ሩክ የምትባል የራሱ መርከብም ገዛ። ይህን ሁሉ በሌላ ቦታ ማንበብ ይቻላል።

ወደ ክፍሉ እንመለስ። በ1860 እና 1861 ዓ.ም. መካከል በነበረው ክረምት በበረዶ ላይ ሲጫወት ወድቆ የጭኑን አጥንት ሰበረ፤ ከዚያም ወዲህ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ያነክስ ነበር። ከዚያ ዘመን ጀምሮ አረንጓዴ ሽፋን ያላቸው ትንንሽ ደብተሮች ከእጁ አይለዩም፤ በባቡር ላይ፥ በመርከብ ላይ፥ እንግዳ በተሰበሰበበትም ስሌት ይጽፍባቸው ነበር። ከኤድንበርው ፕሮፌሰር ከቴት ጋር ለተማሪዎች የሚሆን መጽሐፍ ለማዘጋጀት ተነሥተው በ1867 ዓ.ም. አሳተሙት፤ ነገር ግን ለጀማሪ የታሰበው መጽሐፍ ሊቃውንትን የሚያስጨንቅ ሆኖ ስለ ተገኘ በ1873 ዓ.ም. ቀለል ያለ ሌላ ለማውጣት ተገደዱ። በዚህ ላይ ፈገግ የማይል ተማሪ ያለ አይመስለኝም። በ1870 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ከጭሱ ሰፈር ወጥቶ የኬልቪን ወንዝ ወደሚፈስበት ኮረብታ ተዛወረ፤ ለዐሥራ ስምንት ዓመት አብራው የኖረችው ባለቤቱ ማርጋሬትም በዚያው ዓመት ዐረፈች። ካምብሪጅ አዲስ ላቦራቶሪ ሲያቋቁም በላዩ እንዲሾም ለመነው፤ ኋላም ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ጠየቀው። ሦስቱንም ጊዜ እምቢ ብሎ ከግላስጎው ጀማሪዎች ጋር ቀረ።

ከምድር ቤቱ የወጡት ተማሪዎች ወዴት እንደ ደረሱ መመልከት ያስደስታል። ከላይ ያነሣሁት ኤርተን በ1873 ዓ.ም. ጃፓን ሄዶ በቶኪዮ የምሕንድስና ኮሌጅ አስተማረ። የእርሱ ተማሪ የነበረው ሺዳ ሪንዛቡሮ ደግሞ በ1880 ዓ.ም. ከጃፓን ወደ ግላስጎው መጥቶ ከቶምሰን ዘንድ ተምሮ ተሸልሞ ተመለሰ። የትምህርት መንገድ እንደዚህ ነው፤ ሄዶ ይመለሳል። አገራችን በአንድ ዘመን የጃፓንን ሥልጣኔ በአድናቆት ትመለከት እንደ ነበረ የሚያስታውሱ አባቶች ይህ ነገር ደስ ሳይላቸው አይቀርም።

ኤርተንን ተከትሎ ወደ ጃፓን ከሄዱት አንዱ ጆን ፔሪ ነበር፤ እርሱም አስቀድሞ በግላስጎው የቶምሰን ረዳት ሆኖ ሠርቷል። ይህ ሰው ለመምህሩ ያደረገለት ነገር ከባድ ነው። ቶምሰን ምድር ከቀለጠ ድንጋይነት ተነሥታ እስከ ዛሬ ለመቀዝቀዝ ስንት ዓመት እንደ ፈጀባት በዚያው በፉርዬ ሒሳብ አስልቶ፥ ዕድሜዋ ከ20 እስከ 400 ሚሊዮን ዓመት ነው ብሎ ነበር፤ ኋላም ወደ 20 እና 40 ሚሊዮን አወረደው። የድንጋይ ሊቃውንት ይህ ጊዜ አይበቃም ቢሉም የሒሳቡን ስሕተት ማግኘት አልቻሉም። በ1895 ዓ.ም. ፔሪ ስሌቱ ትክክል ሆኖ ሳለ መነሻው ስሕተት ሊሆን እንደሚችል አሳየ፤ የምድር ውስጥ ሙቀትን ከቅርፊቷ ይልቅ በደንብ የሚያሳልፍ ከሆነ፥ ዕድሜዋ በቢሊዮን ይቆጠራል አለ። ፔሪ ይህን የጻፈው በብዙ ሐዘንና አክብሮት ነው። መምህሩ ግን አልተቀበለውም። ዛሬ የምድር ዕድሜ አራት ቢሊዮን ተኩል ዓመት ያህል መሆኑ ታውቋል። ለእኔ እንደሚመስለኝ ቶምሰን እዚህ ላይ ትልቅ ዕድል አመለጠው፤ ያለ መጽሐፍ እንዲመረምር ያስተማረው ሰው የተማረውን በመምህሩ ላይ ሲጠቀምበት ሊደሰት ይገባው ነበር።

በጁን 1896 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረበት ሃምሳኛ ዓመት ሲከበር ከዓለም ዙሪያ ከሁለት ሺህ የሚበልጡ እንግዶች ወደ ግላስጎው መጡ። (በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 1888 ነው፤ ዓድዋ ላይ ድል ከተገኘ ገና አራት ወር አልሞላም ነበር።) በዓሉ ሦስት ቀን ቆየ። የደስታ መልእክት በቴሌግራፍ ተልኮ፥ በባሕር ሽቦው ተሻግሮ፥ አሜሪካን ዞሮ ከዐሥር ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ወደ አዳራሹ ተመለሰ። ነገሥታትና አካዳሚዎች አመሰገኑት። እርሱ ግን መልስ ለመስጠት ሲነሣ እንግዶቹ ያልጠበቁትን ተናገረ። ሃምሳ አምስት ዓመት ሙሉ ለሳይንስ ያደረገውን ጥረት በአንድ ቃል መግለጥ ካስፈለገ ቃሉ አለመሳካት መሆኑን፥ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ማግኔት ኃይል፥ ኤሌክትሪክም ከቁስ አካል ጋር ስላለው ግንኙነት ዛሬ የሚያውቀው፥ ከሃምሳ ዓመት በፊት በመጀመሪያው ዓመት ለተማሪዎቹ ለማስተማር ከሞከረው የማይበልጥ መሆኑን ገለጠ። ለስቶክስ ስለዚያች የመጀመሪያ ትምህርት የጻፈው የሃያ ሁለት ዓመት ወጣትና ይህ የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ አንድ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። በአለመሳካት ውስጥ ሐዘን መኖሩን ቢናገርም፥ ፍለጋው ራሱ ደስታ እንዳለውም ጨምሮ አመለከተ።

በ1899 ዓ.ም. ከፕሮፌሰርነቱ በፈቃዱ ወረደ። ዩኒቨርሲቲውን ግን ለመልቀቅ አልፈለገም። በዚያው ዓመት አዳዲስ ተማሪዎች በሚመዘገቡበት መዝገብ ላይ የምርምር ተማሪ ሆኖ ስሙን አስጻፈ። ስሙ በዚህ ትምህርት ቤት የተማሪ መዝገብ ላይ መጀመሪያ ከተጻፈ ስልሳ አምስት ዓመት አልፎ ነበር። በ1904 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር አድርገው መረጡት። ዲሴምበር 17 ቀን 1907 ዓ.ም. በላርግስ በሚገኘው ቤቱ ዐረፈና ለንደን በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን በኒውተን መቃብር አጠገብ ተቀበረ።

በ1887 ዓ.ም. በእንጨቱ ቁልቁለት ላይ ያኖረው ዝፍት በዩኒቨርሲቲው ቤተ መዘክር ውስጥ ይገኛል። ከላይኛው እርከን ወርዶ ወርዶ ወደ ታችኛው ደርሷል።